የተሳቢ ሻንሲ ስንጥቅን በናፍታና በጠመኔ ማግኘት

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ተሳቢ ይዛችሁ የምትወርዱ ሹፌሮች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የጣርማበርን ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ከስር ገብታችሁ ሻንሲውን፣ ማለትም ጭነቱን የሚሸከመውን የብረት አካል፣ እዩት። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስቶ ወደ 1,300 ሜትር ግድም ያወርዳችኋል። በየኩርባው ፍሬን ሲያዝ ጭነቱ ወደ ፊት ይገፋል፤ ብረቱም ይጠማዘዛል።

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰነጠቀው ባሌስትራው (ድርብርቡ የብረት ስፕሪንግ) የታሰረበት፣ መጎተቻው የተበየደበት ወይም የድሮ ብየዳ ዳር ነው። ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የዝገት መስመር ካያችሁ፣ ጭረት ነው ብላችሁ አትለፉት። ቦታውን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። ናፍታ ቀቡትና ትንሽ ቆዩ። ከዚያ በጨርቅ ድርቅ አድርጋችሁ ጥረጉና የተፈጨ ጠመኔ ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጥ የገባው ናፍታ ተመልሶ ይወጣል፤ ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ላዩን ብቻ ልበይድላችሁ የሚላችሁን እሺ አትበሉ። ለእኔ እንደዚያ ተሠርቶልኝ በሁለተኛው ጉዞ እዚያው ተከፈተ። ጭነቱ ይውረድ፣ የባትሪው ገመድ ይነቀል። የስንጥቁ ሁለት ጫፍ በድሪል ይበሳ፤ አለዚያ መሄዱን አያቆምም። ስንጥቁ እስከ ውስጥ ተሞርዶ ይበየድ። ማጠናከሪያ ብረት ከተጨመረ ጫፉ ሰያፍ ይቆረጥ፤ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ አዲስ ስንጥቅ እዚያው ይጀምራል።

ደብረ ሲና ለሻይ ስትቆሙ ደግሞ አንዴ ጎንበስ በሉ።