«ቅኝት አይዝም» ከማለታችሁ በፊት፦ የትሬሞሎ ጊታር ክር ስትቀይሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ጋሼ፣ ከሰዓት ጀምሮ እየቃኘሁት ነው። እምቢ አለኝ። ነገ ጠዋት ደግሞ ቸርች እጫወታለሁ።»

ልጁ የመጣው ቅዳሜ ማታ ነው። ጊታሩ ባለ ፍሎይድ ሮዝ ነው፤ ይህ የትሬሞሎ ብሪጅ ዓይነት ነው፣ ማለትም ክሮቹ የሚታሰሩበትና በዘንግ የሚወዛወዝ ብረት። ከእጁ ሳልቀበለው ችግሩ ታየኝ። ብሪጁ ወደ አንገቱ አዘንብሏል፤ የኋላ ጫፉ ከእንጨቱ ላይ ጣት በሚያስገባ ከፍታ ተነስቷል።

«ክሩን እንዴት ነው የቀየርከው?» አልኩት።

«ሁሉንም ነቀልኩ፣ አንገቱን አጸዳሁ፣ አዲሱን አሰርኩ።»

«ስንት ቁጥር?»

«አስር።»

«የድሮውስ?»

ትንሽ አሰበ። «ዘጠኝ መሰለኝ።»

ቁጥሩ የክሩ ውፍረት ነው፤ አስር ከዘጠኝ ይወፍራል። ሁለት ስህተት በአንድ ከሰዓት። ይህንኑ ንግግር ከብዙ ልጆች ጋር አድርጌዋለሁ። ሁሉም የሚደመድሙት አንድ ነገር ነው፦ «ጊታሩ ቅኝት አይዝም።» አንዳንዶቹ በዚህ ምክንያት ደህናውን ዕቃ በርካሽ ሸጠውታል። ይሄ ያናድደኛል። ጊታሩ ምንም አልሆነም፤ የተዛባው ሚዛኑ ነው።

ስድስቱንም ክር በአንዴ መንቀል

ተንሳፋፊ ብሪጅ፣ ማለትም እንጨቱ ላይ ያላረፈ ብሪጅ፣ ሚዛን ነው። በአንድ ወገን ስድስቱ ክሮች ይጎትታሉ። በሌላው ወገን በጊታሩ ጀርባ ያሉት ሞላዎች ይጎትታሉ። ብሪጁ መሀል ላይ ቆሟል። ክሮቹን በሙሉ ስትነቅሉ ሞላዎቹ ብቻቸውን ቀሩ። ብሪጁ ወደ ኋላ ይወድቃል። ከዚያ አዲሱን ክር ስታስሩ ሚዛኑን ከዜሮ ነው የምትጀምሩት።

ልጁ ከሰዓት በሙሉ ያየው ይሄን ነው። ወፍራሟን ክር፣ ኢን፣ ቃኘ። ቲዩነሩ (የቅኝት መለኪያው) አረንጓዴ አበራ። ወደ ኤ ሄደ፣ እሷንም አስተካከለ። ዲ፣ ጂ። ሲመለስ ኢ ወርዳለች። እንደገና ከፍ አደረጋት፤ አሁን ደግሞ ሌሎቹ ወረዱ። አንዷን ባጠበቀ ቁጥር ብሪጁ ትንሽ ወደ ፊት ይሳባል፤ የቀሩት አምስቱ ይላላሉ። ሳያውቅ ቲዩነሩን ጠረጠረ፣ ቁልፎቹን ጠረጠረ፣ በመጨረሻ ጆሮውን ጠረጠረ።

ስለዚህ አንድ በአንድ ቀይሩ። አንዷን አውጡ፣ አዲሷን አስገቡ፣ ወደ ድምጿ አምጡ፣ ከዚያ ወደ ቀጣይዋ ሂዱ። አንገቱን ማጽዳት የግድ ከሆነ፣ ክሮቹን ከማላላታችሁ በፊት ከብሪጁ የኋላ ጫፍ ሥር የታጠፈ ጨርቅ ወይም ድርብርብ ካርቶን ሸጉጡበት። ብሪጁ ባለበት ይቆያል።

እኔም ይሄን ስህተት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ እጄ የገባውን ፍሎይድ ሮዝ ሁሉንም ክር ነቅዬ ብሪጁ ከሁለቱ ምሰሶዎች ላይ ተንሸራተተ። ምሰሶው ላይ የሚያርፈው ስለታም ጠርዝ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ዘንጉን በነካሁት ቁጥር ወደ ቦታው በትክክል አልመለስ አለ። ያ ጠርዝ እንደ ቢላ ስለት ነው። አንዴ ከደነዘዘ ብሪጁ እንደ ድሮው አይመለስም።

ቁጥር ቀይሮ ሞላውን መርሳት

በተለመደው ቅኝት፣ ስትራቶካስተር በሚባለው የፌንደር ጊታር ዓይነት አንገት ላይ፣ ዘጠኝ ቁጥር ክር ሙሉ ስብስቡ ወደ 38 ኪሎ ገደማ ይጎትታል። አስር ቁጥር ወደ 47 ኪሎ ይደርሳል። ያ ልጅ ሳያውቀው ብሪጁ ላይ 9 ኪሎ ጨመረበት፤ ሞላዎቹ ግን ለ38 እንደተስተካከሉ ናቸው። ብሪጁ ወደ ፊት ባያዘነብል ነው የሚገርመው።

መፍትሄው ጀርባ ነው ያለው። ሽፋኑን ፍቱ። ሞላዎቹን የያዘ ብረት ታያላችሁ፤ በሁለት ረጃጅም ብሎኖች እንጨቱ ውስጥ ገብቷል። ብሪጁ ወደ አንገቱ ካዘነበለ ብሎኖቹን አጥብቁ። ወደ ኋላ ከሰመጠ አላሉ። ግማሽ ዙር፣ ከዚያ መቃኘት፣ ከዚያ ማየት። ሁለቱንም እኩል አዙሩ። በችኮላ አምስት ዙር ያዞረ ሰው ማታውን እዚያው ያመሻል። ካቻቢቴ ስታስገቡ ክሮቹን ትንሽ ብታላሉ ለእንጨቱም ይሻላል። እዚያው ብረት ላይ የተበየደች ቀጭን ሽቦ አለች። እንዳትበጥሷት፤ ከተበጠሰች አምፕሊፋየሩ ውስጥ ኡኡታ ትሰማላችሁ።

ለልጁ ይሄንኑ አሳየሁት። ብሎኑን ራሱ እንዲያዞር ሰጠሁት። አራተኛው ግማሽ ዙር ላይ ብሪጁ ከእንጨቱ ጋር ትይዩ ሲሆን ፊቱ ተፈታ። እኔም ደስ አለኝ።

ፍሎይድ ሮዝ ላይ ብቻ የሚሠሩ ስህተቶች

ይህ ብሪጅ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ፍሎይድ ሮዝ የፈጣሪው ስም ነው። ክሩን በሁለት ጫፍ ይቆልፈዋል፤ አንገቱ ጫፍ ላይና ብሪጁ ላይ። ስለተቆለፈ ነው ቅኝት የሚይዘው። ግን ብዙ ሰው ተቆልፎ ሳለ አንገቱ ጫፍ ላይ ያሉትን የመቃኛ ቁልፎች ያዞራል። ምንም አይሰማም፤ እንደገና ያዞራል፤ ክሯ ከመቆለፊያው ኋላ ትበጠሳለች። ተው!

ክሩን ሳትጎትቱ አትቆልፉ። አዲስ ክር ይለጠጣል። እያንዳንዷን በጣት ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቧት፣ ቃኙ፣ ደግማችሁ ሳቡ። መውረድ ስታቆም ቆልፉ። ብሪጁ ላይ ያሉት ትንንሽ ማስተካከያዎች ከመቆለፋችሁ በፊት መሀል ላይ ይሁኑ። ጥግ ላይ ከሆኑ ነገ ትንሽ ስትወርድ የምታዞሩት ነገር አይኖርም።

በክሩ ጫፍ ያለውን ኳስ ስትቆርጡ ኳሱ አጠገብ ያለውን ወፍራም ጥምዝም አብራችሁ ቁረጡ። ያ ጥምዝም መቆለፊያው ውስጥ ከገባ ክሯ ትሾልካለች። ስታጠብቁም በልክ ነው። መፍቻው 3 ሚሊሜትር ነው፤ በሁለት ጣት ብቻ ያዙት።

ስትራቶካስተር

ጊታር ሠሪው ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የስትራቶካስተርን ብሪጅ ሲያወጣ «ትሬሞሎ» ብሎ ጠራው። በትክክለኛ አነጋገር ትሬሞሎ የድምፅ መጠን መወዛወዝ ነው፤ ይሄ የሚያወዛውዘው ቅላጼውን ነው። ስሙ ግን ቀረ።

እዚህ ትልቁ ጠላት አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ የሚያልፍበት ነት ነው። ስትቃኙ «ጢቅ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ክሯ እዚያ ተይዛለች። ክር ስትቀይሩ ጉድጓዷን በእርሳስ ቀቡት። ቁልፉ ላይ ደግሞ ክሩን ስምንት ጊዜ አትጠምጥሙ። ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃል፤ ትርፉ ጥምጥም ሁሉ ሲጎተት ይላላል።

ዘንጉን የማትጠቀሙ ከሆነ ብሪጁን እንጨቱ ላይ አስቀምጡት፤ ሞላውን አጥብቁና ጨርሱ። ይሄ ነውር አይደለም። ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን ብሪጁን በእንጨት አስደግፎ ነው የሚጫወተው። ኤዲ ቫን ሄለንም ፍሎይድ ሮዙን እንጨቱ ላይ አሳርፎ ወደ ታች ብቻ ነበር የሚጠቀምበት።

በተለይ የኛን ሙዚቃ ለሚጫወቱ ይሄን እመክራለሁ። ትዝታ ወይም ባቲ ላይ አንዷን ክር ገፍታችሁ ማሲንቆ ማስመሰል ትወዳላችሁ። እኔም እወዳለሁ። ተንሳፋፊ ብሪጅ ላይ ግን አንዷን ስትገፉ ብሪጁ ይሳባል፤ አብራችሁ ያስጮኻችኋት ሌላዋ ክር ትወርዳለች። ሰሚው ምን እንደሆነ ባያውቅም አንድ ነገር እንደጎረበጠው ይሰማዋል። እንጨት ላይ ያረፈ ብሪጅ ይሄን ይቀንሰዋል።

ቢግዝቢ እና ሌሎች

ቢግዝቢ በሚባለው ሌላ የትሬሞሎ ዓይነት ላይ የክሩ ኳስ ትንሽ ፒን ላይ ይሰካል። ሳታጥፉት ካስገባችሁት ቁልፉን ስታዞሩ ፈልቅቆ ይወጣል፤ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ኳሱ ያለበትን ጫፍ በፒንሳ ቀድማችሁ አጉብጡት። ከዚያ ፒኑ ላይ ሰክታችሁ፣ እስኪጠብቅ በአንድ ጣት ተጭናችሁ ያዙት። ጃዝማስተር በሚባለው የፌንደር ጊታር ላይ ደግሞ ቀጭን ክር አታድርጉ፤ ብሪጁ ላይ ከሚያርፍበት ኮርቻ ይዘላል።

መዳፍ

ይሄን ማንም አይነግራችሁም። ስትቃኙ ቀኝ መዳፋችሁ ብሪጁ ላይ አርፏል ወይ? ካረፈ ተጭናችሁታል፤ ድምፁ ከፍ ይላል። ቲዩነሩ ልክ ነው ይላችኋል፤ መዳፋችሁን ስታነሱ ስድስቱም ወርደዋል። ጊታሩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁም አትቃኙ። ስትጫወቱ እንደምትይዙት ያዙት። ድምፁ ከልኩ ካለፈባችሁ ክሩን አላልታችሁ ከታች ወደ ላይ ውጡ፤ ከላይ ወደ ታች የተቃኘ ክር ይላላል።

ክር መድረክ ላይ ሲበጠስ

አንድ ሰርግ ላይ ጭፈራው እየሞቀ ሳለ ዲ ክሬ ተበጠሰች። አንዲት ክር ናት፤ በአምስቱ እጨርሳለሁ ብዬ ቀጠልኩ። አምስቱም ግን በአንዴ ከፍ ብለዋል፤ ሞላዎቹን የሚቃወም አንድ ክር ጎድሏልና ብሪጁ ወደ ኋላ ሄዷል። የመታሁት አኮርድ ሁሉ ከኪቦርዱ ጋር ተጋጨ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ወዲያው ገባው፤ በዓይኑ ተው አለኝ። ድምፄን ዘግቼ እስከ ዘፈኑ መጨረሻ ቆምኩ፤ እሱ ብቻውን ይዞት ወጣ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰርግ ስሄድ ብሪጁ እንጨት ላይ ያረፈ ሁለተኛ ጊታር ተቃኝቶ ከአጠገቤ ይቆማል።