የጥንት ዕቃ ሰብሳቢዎች ከማመሳከሪያ መጽሐፍ ጋር የሚሠሯቸው ስህተቶች

ከራሴ ጉድ ልጀምር። ከሥሯ ሁለት የተጠላለፉ ሰማያዊ ሰይፎች ያሉባት የፖርሴሊን ስኒ አገኘሁ። መጽሐፌን ገለጥኩ፤ ሰይፎቹ ቁጭ ብለዋል። «የታዋቂው የጀርመን ፋብሪካ የማይሰን ሥራ ናት!» አልኩና ሳልከራከር ከፈልኩ። ማይሰን አልነበረችም። ሻጩን አልወቅሰውም፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የሸወደኝ የገዛ ጥድፊያዬ ነው።

ምልክቱን አይቶ መጽሐፉን መዝጋት

የስህተቶች ሁሉ አባት ይሄ ነው። የማይሰን ፋብሪካ በጀርመኗ ሳክሶኒ የተቋቋመው በ1710 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ሰይፎቹን ከ1720ዎቹ ጀምሮ ይጠቀምባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ኮርጇቸዋል! የቻይና ፖርሴሊንም ያው ነው። የቻይናው ንጉሠ ነገሥት የካንግሺ ዘመን ከ1662 እስከ 1722 ነበር፤ ስሙ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በተሠሩ ዕቃዎች ላይም ሞልቷል። ሁሉም ለማጭበርበር አልተጻፈም፤ ለቀደምቶቹ ክብር ሲባልም ይጻፍ ነበር።

ስለዚህ ምልክቱን መጽሐፉ ውስጥ ስታገኙ ገና መጀመራችሁ ነው። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ክብደቱ፣ ስለ ሥሩ ጠርዝ የተጻፈውን አንብቡና ዕቃውን በእጃችሁ ይዛችሁ አስተያዩ። እኔ ያንን ገጽ ዘልዬው ነበር።

ከማህተሞቹ አንዱን ብቻ ማንበብ

የእንግሊዝ የብር ዕቃ ላይ ትንንሽ ማህተሞች ተደርድረው ይመታሉ። ከነሱ አንዷ ዓመቱን የምትናገር ፊደል ናት። ለንደን ለዚህ የምትጠቀመው 20 ፊደል ነበር፤ ከኤ እስከ ዩ፣ ጄይ ተዘሎ። ሲያልቅ እንደገና ይጀመራል። ትንሿን «ኤ» (a) ያየ ጀማሪ ታዲያ «1776!» ብሎ ይጮሃል። ትንሿ «ኤ» ግን በ1816ም በ1896ም ተመትታለች። 120 ዓመት ቀልድ አይደለም።

ከነዚህ ሦስት ዓመቶች የቱ እንደሆነ ለመለየት መፍትሔው ጎረቤቶቿን ማየት ነው። ማህተሞቹ ሙሉ ከሆኑና የንጉሥ ራስ ካለበት 1816 ነው። የንጉሥ ራስ ቀረጥ መከፈሉን የሚያሳይ ማህተም ነው፤ ይመታ የነበረውም ከ1784 እስከ 1890 ብቻ ነው። የንጉሡ ራስ ከሌለ ደግሞ የለንደን ምልክት ወደሆነው ማህተም፣ ወደ ነብሩ ራስ ዙሩ። ነብሩ ዘውድ ከደፋ 1776፣ ራቁት ራሱን ከሆነ 1896። ዘውዱ የቀረው በ1821 ነው። አጉሊ መነጽር ግን ያዙ። ያረጀ ማህተም ላይ ዘውድና ጆሮ ይምታታል።

ደንቡን ገልብጦ መረዳት

አሜሪካ ከ1891 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲኖረው አስገደደች። ስለዚህ «ኢንግላንድ» የሚል የሸክላ ሳህን ባብዛኛው ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። መጻሕፍቱ የሚሉት ይህንኑ ነው። ሰው ግን ይገለብጠውና «የአገር ስም የለውም፤ እንግዲያው ከ1891 በፊት ነው» ይላል። ለአሜሪካ ገበያ ያልታሰበ ዕቃ ለምን ይጻፍበታል? ስሙ በወረቀት ተለጥፎ ኋላ የተላጠስ?

የዋጋ መጽሐፍን እንደ ተመን ማየት

የታተመ ዋጋ ቶሎ ያረጃል። ደግሞ የምን ዋጋ ነው? የሱቅ? የጨረታ? ለመድን የተገመተ? መልሱ ብዙ ጊዜ ማንም የማያነበው መግቢያ ላይ አለ። ብቻ በዚህ ተናዳችሁ አሮጌ እትም እንዳትጥሉ! ያረጀው ዋጋው እንጂ የማህተም ሰንጠረዡ አይደለም። እኔ እንዲያውም ጊዜ ያለፈባቸውን እትሞች ነው በርካሽ የምለቅመው። አንድ ጉድለት ግን አላቸው፤ ከታተሙ በኋላ ገበያ የገቡትን አስመሳይ ዕቃዎች አያውቁም።

ሁሉን የሚያወራ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ገዝቶ መገላገል

ለመጀመሪያ ጊዜ ይሁን። ሁለተኛው ግን እናንተ የምትሰበስቡት ነገር ላይ ብቻ የተጻፈ ይሁን።

ፎቶውን አይቶ ልኩን መዝለል

ፎቶ ላይ ትልቁም ትንሹም እኩል ይመስላል። ከሥሩ ያለችው የቁመት ቁጥር ግን ብዙ ትናገራለች። አስመሳዮች ከዋናው የፖርሴሊን ምስል ላይ ቅርጽ ወስደው ሌላ ሲያወጡ፣ ጭቃው ሲደርቅና ሲተኮስ ይኮማተራል። ስለዚህ ኮፒው ብዙ ጊዜ ከዋናው ያንሳል። መጽሐፉ 20 ሳንቲሜትር ብሎ ማስመሪያችሁ 18 ካለ፣ ፋብሪካው በዚያም ልክ ሠርቶ እንደሆነ ገጾቹን ፈልጉ። ካጣችሁት ሻጩን አመስግናችሁ ዕቃውን ወደ መደርደሪያው መልሱ።