የረጋ ፏፏቴን ፎቶ ማንሳት፦ ጆንስተን ካንየን

በብርዱ ወራት ፏፏቴ ረግቶ ማየት ለሚፈልግ ወዳጅ ሁሉ የምጠቁመው ጆንስተን ካንየንን ነው። ካናዳ፣ ባንፍ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ ጠባብ ሸለቆ ነው፤ ከካልጋሪ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያስኬዳል። የፓርኩን መግቢያ አስቀድማችሁ ክፈሉ። የታችኛው ፏፏቴ ከመኪና ማቆሚያው አንድ ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል። የላይኛው 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ሰው ከታችኛው ይመለሳል፤ እናንተ ግን ቀጥሉ። ላይ 30 ሜትር ገደማ የሚረዝም የበረዶ ግድግዳ አለ።

መንገዱ መስታወት ይሆናል። ጫማ ላይ የሚጠለቀውን ባለ ብረት ጥርስ ማንሸራተት መከላከያ ሳትይዙ አትሂዱ። ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው እጁን ዘርግቶ ራሱን ለማዳን ይቸገራል። ቺኑክ የሚባለው ሞቃት ነፋስ በነፈሰ ሰሞን ደግሞ ከተንጠለጠለ በረዶ ስር አትቁሙ። ይወድቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ስለዚህ በረዶው አመድ መስሎ ይወጣል። መፍትሔው ከካሜራው ልኬት በላይ ብርሃን መስጠት ነው። ኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽኑን (ብርሃን የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን ማስተካከያ) +1 ላይ አድርጉ፤ ፍሬሙን ነጭ ብቻ ከሞላው እስከ +1.7 ድረስ ሂዱ። ከዚያ ሂስቶግራሙን፣ ማለትም የፎቶውን ጨለማና ብርሃን ከግራ ወደ ቀኝ የሚያሳየውን ግራፍ፣ እዩ። ቀኝ ጫፍ ላይ ተጨናንቆ ከቆመ ትንሽ ቀንሱ። በስልክ ከሆነ በረዶው ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ያዙና ብርሃኑን ወደ ላይ ሳቡት።

ሰማያዊውን ቀለም እባካችሁ አታጥፉት! ወፍራም በረዶ ቀዩን ብርሃን ይውጥና ሰማያዊውን ያሳልፋል። ሸለቆው ጠባብ ስለሆነም አብዛኛው ቦታ ጥላ ነው፤ ጥላ ደግሞ ሰማያዊ ይጨምራል። ካሜራው ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) ራሱ እንዲመርጥ ከተዋችሁት ይህን ሁሉ ሊያጥበው ይችላል። እኔ 5200 ኬልቪን አካባቢ እተወዋለሁ፤ በሮው (RAW፣ ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ፋይል) ስለማነሳ ቤት ገብቼ አስተካክላለሁ። በረዶው ላይ ቢጫና ቡናማ መስመር ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ከሰማያዊው ጎን ሲገባ ፎቶው ሕይወት ያገኛል።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ያልረጋው ውሃ ነው። በረዶው መሃል ቀዳዳ ፈልጉ። ከውስጥ ውሃው እየወረደ ታገኙታላችሁ። ትራይፖድ ዘርጉና ሸተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ግማሽ ሰከንድ አድርጉ። ውሃው እንደ ነጠላ ይለሰልሳል፣ በረዶው እንደ ድንጋይ ይቆማል። ሁለቱን በአንድ ፍሬም የያዘ ፎቶ ከሙሉው ግድግዳ ፎቶ ይበልጥብኛል። ከገደሉ ጎን የተሠራው መተላለፊያ ላይ ከሆናችሁ ሰው ሲራመድ ትራይፖዱ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። አስቀድማችሁ አሳልፏቸው፣ ከዚያ አንሱ። መንገዱንም አትዝጉ።

ላይኛው ፏፏቴ ላይ በገመድ የሚወጡ ሰዎች ካጋጠሟችሁ ረጅም ሌንስ አውጡ። ቀይ ጃኬት የለበሰ አንድ ሰው ያንን ሁሉ በረዶ ይለካላችኋል።

ብርድ ባትሪ ይጨርሳል። መለዋወጫውን ከደረታችሁ ጋር በሚጣበቅ የውስጥ ኪስ ያዙ፤ ያለቀ የመሰለውም ሲሞቅ ትንሽ ይሠራል። ቀጭን ጓንት ከውስጥ፣ ወፍራሙን ከላይ ልበሱ። ሌንሱን በትንፋሻችሁ አታጽዱ፤ እዚያው በረዶ ይሠራል።

መኪና ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ካሜራውን በፌስታል ጠቅልላችሁ አፉን በደንብ እሰሩ። እርጥበቱ ፌስታሉ ላይ ይቀራል እንጂ ሌንሱ ውስጥ አይገባም። እስኪሞቅ ድረስ ደግሞ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ፎቶውን ለማየት የምትቸኩሉ ከሆነ ሜሞሪ ካርዱን እዚያው ውጭ ሳላችሁ አውጡት።