ስፖርት ጀምሮ ላለማቋረጥ፦ እንቅፋቶቹን አንድ በአንድ ማንሳት

አዲሱን የሩጫ ጫማ በገዛሁበት ማታ ደወሉን ለንጋት 11 ሰዓት ሞልቼ ተኛሁ። ሦስት ቀን ሮጥኩ። በአራተኛው ቀን ጭኖቼ ከመያዛቸው የተነሳ ደረጃ የምወርደው ወደ ጎን እየዞርኩ ነበር። በአምስተኛው ዘነበ። በስድስተኛው ደወሉን አጠፋሁና ተገላብጬ ተኛሁ። ጫማው ወደ ካርቶኑ ተመለሰ፣ ካርቶኑ አልጋ ስር ገባ። አራት ወር እዚያው ከረመ።

ያኔ "ሰነፍ ነኝ" ብዬ ደመደምኩ። አሁን ሳስበው ግን ችግሩ ዕቅዱ ላይ ነበር። ለደህና ቀን ብቻ የተሠራ ዕቅድ ነው። እንቅልፍ የጎደለበት፣ ሥራ የተደራረበበት ቀን ሲመጣ ምን እንደማደርግ አላሰብኩበትም። ስለዚህ ከዚያ እንጀምር።

1. መጀመሪያ እንቅፋቱን ያዙት

ለአንድ ሳምንት ምንም አትጀምሩ። ማታ ማታ ብቻ "ዛሬ ለምን አልተንቀሳቀስኩም?" ብላችሁ አንድ መስመር ጻፉ። "ጊዜ አጣሁ" የሚለው አይቆጠርም፣ እሱን ሁላችንም እንላለን። የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ነው፦ "ከሥራ ስገባ አረፍ ልበል ብዬ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ፣ ስልክ አነሳሁ፣ ስነቃ አንድ ሰዓት ሄዷል።"

የኔ ማስታወሻ ላይ ከሰባቱ ቀን አምስቱን የያዘው ያው ሶፋ ነበር። መፍትሔውም ቀላል ሆነ፦ ቤት ስገባ ከመቀመጤ በፊት ልብስ መቀየር። የስፖርት ልብስ ለብሶ ሶፋ ላይ መዘርጋት ትንሽ ያሳፍራል።

2. ሰዓቱን ከፋፍሉት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ቢያደርግ ይመክራል። 150 ደቂቃ ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን 22 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ጠንከር ያለ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሩጫ፣ ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ይበቃል። በዚያ ላይ ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን።

መካከለኛው የቱ ነው? እየተራመዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ እሱ ነው። ጥቂት ቃላት ተናግራችሁ ትንፋሽ ለመውሰድ የምታቆሙ ከሆነ ጠንካራው ውስጥ ገብታችኋል።

ብዙ ሰው ያልሰማው ነገር አለ። ቀድሞ "ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ" ይባል ነበር፤ አዲሱ መመሪያ ይህን ትቶታል። ሊፍቱን ትታችሁ የወጣችሁት ደረጃ ይቆጠራል። ስልክ እያወራችሁ በፈጣን እርምጃ የሄዳችሁትም ይቆጠራል። ሙሉ ሰዓት እስክታገኙ አትጠብቁ፣ አይገኝም።

3. "ደክሞኛል" ስትሉ

ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ መዋል ያደክማል። የደከመው ግን ብዙ ጊዜ ጭንቅላት እንጂ እግር አይደለም። እኔ ከራሴ ጋር የተዋዋልኩት አምስት ደቂቃ ነው። ጫማ አስሬ እወጣለሁ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላም ካስጠላኝ ያለ ጸጸት እመለሳለሁ። አብዛኛውን ጊዜ እቀጥላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ እውነትም እመለሳለሁ፣ አምስቷ ደቂቃ ግን ተሠርታለች።

ሌሊቱን በቅጡ ያልተኛ ሰው ግን ይተኛ። እንቅልፍ ሰርቆ መሮጥ የትም አያደርስም።

4. ሰውነት ሲያዝ

ብዙዎቻችን የምናቆመው እዚህ ጋ ነው። ያልለመደ ጡንቻ ሲሠራ ሕመሙ ወዲያው አይመጣም። የሚብሰው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ነው፣ ከዚያ በራሱ ይለቃል። ተጎዳሁ ብላችሁ አትደንግጡ። ቀለል ያለ እርምጃ ያፍታታዋል። ዋናው ግን ከመጀመሪያው አለማብዛት ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት "ይቺ ምን አላት?" በሚያሰኝ መጠን ጨርሱ።

አንድ ቦታ ላይ የሚወጋ ሕመም ወይም ያበጠ መገጣጠሚያ ካለ ሌላ ነገር ነውና እረፉ። ደረታችሁን ካመማችሁ፣ ካዞራችሁ ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው አቁማችሁ ሕክምና ፈልጉ። የልብ ሕመም ወይም ስኳር ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም፣ ከመጀመር በፊት ሐኪም ያማክር።

5. "ሰው ምን ይለኛል?"

ይሉኝታን የሚያህል እንቅፋት የለም፣ ማንም ግን ጮክ ብሎ አያወራውም። ጂም ገብቶ ማሽኑ እንዴት እንደሚነሳ አለማወቅ፣ መንገድ ላይ ሲሮጡ ሰው ዞር ብሎ ማየቱ። ምክሬ ድፍረት እስኪመጣ አትጠብቁ ነው። ቤት ውስጥ ጀምሩ።

ወንበር አምጡና ከግድግዳ አስደግፉት። ጫፉ ላይ ተቀመጡ፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩ፣ ሳትደገፉ ተነሱ። አሁን በዝግታ፣ እስከ ሦስት እየቆጠራችሁ፣ ተቀመጡ። ዘጭ ማለት የለም። 10 ጊዜ። ይህ ስኳት ነው። ፑሽ አፕ ካቃታችሁ ግድግዳ ላይ ጀምሩት፤ ሲቀላችሁ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ፣ ከዚያ መሬት ላይ። መስታወትም ተመልካችም አያስፈልግም።

6. ዝናብ፣ ገንዘብ፣ ልጆች

ለዝናብ ቀን አስቀድማችሁ ምትክ ያዙ፦ "ከዘነበ ወንበሩን" በቃ። ገንዘብም የጂም ክፍያ ነው እንጂ እርምጃ ነጻ ነው። ልጅ የሚተውለት ሰው የሌለው ከልጁ ጋር ይሩጥ፤ የአራት ዓመት ልጅን 20 ደቂቃ አሳድዳችሁ ታውቃላችሁ?

7. ሲቋረጥ

ይቋረጣል። ጉንፋን ይይዛችኋል፣ መንገድ ትሄዳላችሁ፣ ሥራ ይደራረባል። አንድ ቀን ቢያልፍ ምንም አይደለም፣ ሁለተኛውን ቀን ግን ትንሽም ብትሆን ነገር ሥሩበት። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆማችሁ በነበራችሁበት አትመለሱ፣ በግማሹ ጀምሩ። ያመለጠውንም ላካክስ አትበሉ። የሐሙሱንና የዓርቡን ቅዳሜ ላይ ደርቦ የሠራ ሰው፣ ሰኞ ደረጃውን ወደ ጎን ዞሮ ነው የሚወርደው።