ፍሬን ሲለሰልስ፦ አየር ከማስወጣታችሁ በፊት ፔዳሉን ያዙት

ፍሬን ለሰለሰ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው አየር ነው። ጋራዥ ሲገባም "አየር አስወጡልኝ" ብሎ ነው። ሐኪም ቤት ገብቶ መድኃኒቱን ራሱ እንደሚያዝ በሽተኛ። እኔ ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት ፔዳሉን እረግጣለሁ፤ እያንዳንዱ ችግር ፔዳሉ ላይ የየራሱ ምልክት አለው። የፍሬን ዘይቱን መጠንና የፍሬን ሸራውን ውፍረት አይታችኋል፣ ጎማ ስርም የፈሰሰ ነገር የለም ብዬ ልቀጥል።

ፔዳሉ ይለጠጣል፣ ደጋግመው ሲረግጡት ይጠነክራል። ይሄ እውነትም አየር ነው። መሪው በግራ በሆነ የድሮ ኮሮላ ከማስተሩ (ፔዳሉ የሚገፋው፣ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚልከው ፓምፕ) ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ፤ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። በፊት ጎማ የሚነዱት ብዙዎቹ የዘይት መስመራቸው ሰያፍ (አንዱ የፊት ጎማ ከተቃራኒው የኋላ ጎማ ጋር) ስለሆነ ተራው ሊለይ ይችላል፤ መመሪያውን እዩ። ረዳታችሁ ረግጦ ይያዝ፣ እናንተ ጎማው ጋ ያለውን የአየር ማስወጫ ቡለን ፍቱ፣ ዝጉ፣ ከዚያ ብቻ እግሩን ያንሳ። ሳትዘጉ ካነሳ ያስወጣችሁትን አየር መልሶ ይስበዋል። የወጣውን ዘይት ደግሞ መልሳችሁ አትጨምሩ! "ንጹህ ነው እኮ" የሚሉ አሉ።

የመጀመሪያው ርግጫ ዝቅ፣ ሁለተኛው ከፍ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ በኋላ ሸራና በታምቡሩ (ከጎማው ጋር በሚዞረው ከበሮ) መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቶ ነው። ሸራውን አስጠጉት።

ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ ብቻ ይጠፋል። ዓባይ በረሃን በፍሬን ብቻ ስትወርዱ ዘይቱ ፈልቶ ነው። አዲስ ዶት 3 (የፍሬን ዘይት ዓይነት ነው) ሳይፈላ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ቆማችሁ አቀዝቅዙ፣ ስትመለሱ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ቀይሩ። ቀሪውን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ውረዱ።

ረግጠው ሲይዙት ቀስ ብሎ ይሰምጣል። ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይሄኛው ነው። መብራት ላይ ቆማችሁ ፔዳሉ ከእግራችሁ ስር ይሸሻል። ዘይት አይጎድልም፣ የሚፈስ የለም። ሞተሩን አስነሱና ፔዳሉን በቀስታ ተጭናችሁ ግማሽ ደቂቃ ያዙት። ሞተሩ ሲነሳ ትንሽ ዝቅ ማለቱ የሰርቮው (የእግራችሁን ግፊት የሚያግዘው ክፍል) ጤንነት ነው፤ አትደንግጡ። ከዚያ በኋላ መውረዱን ካላቆመ ማስተሩ ነው፤ ውስጡ ፒስተኑ ላይ ያለው የላስቲክ ማሸጊያ፣ ጎሚኒው፣ ዘይቱን ወደ ኋላ እያሳለፈ ነው። ሰው የሚያሳስተው በኃይል ሲረግጡት መያዙ ነው። ግፊቱ የጎሚኒውን ከንፈር ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። መካኒኩም ሁለት ጊዜ ደቁሶት "ደህና ነው" ይላል።

አንድ የድሮ ኮሮላ ሸራ ለማስቀየር ሌላ ቦታ ገብቶ በሚሰምጥ ፔዳል ወጣ። ባለቤቱ በየጋራዡ አየር ሲያስወጣ ከረመ። ማስተሩን ፈትቼ ባትሪ አበራሁበት። ፒስተኑ በየቀኑ የሚመላለስበት ያብለጨልጫል። ከዚያ በታች፣ ፔዳሉ ዘወትር የማይደርስበት ጫፍ ላይ፣ ቡናማ የዝገት ቀለበት አለ። ጎሚኒው ጠርዝ ላይ ደግሞ ጥፍር የሚይዘው ቀጭን ጭረት። ሸራ ሲቀየር አየር ያስወጣው ረዳት ፔዳሉን እስከ ወለል ደቁሶታል፤ ጎሚኒው ዝገቱ ላይ ወጥቶ ተቆረጠ። ስለዚህ በአሮጌ መኪና አየር ስታስወጡ ከፔዳሉ ስር ጣውላ አድርጉ። እባካችሁ።

ግድግዳው የተቦረቦረ ከሆነ ጎሚኒ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ ማስተሩን ሙሉውን ቀይሩ። በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው የሚመልሱትንም አይቻለሁ፤ ፍሬን እኮ ነው! ጎሚኒ ስትገዙ ካርቶኑን አትመኑ፣ "ኦርጅናል" ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ከንፈሩ ላይ ትርፍ ላስቲክ ካንጠለጠለ መልሱለት። አዲሱን ማስተር ከመግጠማችሁ በፊት ሞርሳ ላይ አስራችሁ፣ ከመውጫዎቹ ወደ ዘይት ዕቃው ቱቦ መልሳችሁ፣ አረፋው እስኪጠፋ በዝግታ ግፉት። ይህን የዘለለ ሰው ነው ቀኑን ሙሉ ጎማ ለጎማ የሚዞረው። ዘይቱ ቀለም ይልጣል፤ ከነካው ወዲያው በውሃ እጠቡ።

የተነፋ የፍሬን ቱቦም ፔዳል ያለሰልሳል፤ ሲረገጥ በእጃችሁ ዳስሱት።

ጎሚኒው አብጦ ካገኛችሁት ግን ማስተር ብቻ መቀየር አይበቃም፤ አንዱ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ጨምሮበታል። ከዘይት ዕቃው ጥቂት ቀድታችሁ ውሃ ውስጥ ጠብ አድርጉ። ዶት 3 እና 4 ከውሃው ይዋሃዳሉ። ከላይ ከተንሳፈፈ መስመሩ ይታጠባል፣ ላስቲክ የተባለ ሁሉ ይቀየራል።