ካልቀላ አልተጎዳም? በጡት ካንሰር የጨረር ሕክምና ቆዳን ስንገመግም የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ለጡት ካንሰር ጨረር ከሚወስዱ ሴቶች መካከል ቆዳዋ ምንም ሳይሆን የምትጨርስ ጥቂት ናት። አንዷ ጠቆር ብሎላት ያልፋል፤ ሌላዋ ብብቷ ተልጦ ውሃ ያዣል። ይህ ጽሑፍ ቆዳውን በየሳምንቱ ለሚያዩ ነርሶችና የጨረር ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ከክፍለ ሀገር መጥተው በጥቁር አንበሳ ዙሪያ፣ ከሰንጋ ተራ እስከ ተክለ ሃይማኖት፣ አልጋ ተከራይተው ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች ነው። ሐኪሙን አይተካም። መቼ፣ ምን አይቶና ምን ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ እንደሚገባ ግን ይናገራል።

አስቀድሞ ጊዜውን ማወቅ ይጠቅማል። ለውጡ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በ2ኛው ወይም በ3ኛው ሳምንት ነው። የሚከፋው ሕክምናው ካበቃ በኋላ ባሉት 1 እና 2 ሳምንታት ሲሆን፣ አብዛኛው በ4 ሳምንት ገደማ ይድናል። የቆየው አሰጣጥ 50 ግሬይን (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ለ25 ቀን ማከፋፈል ነበር፤ አሁን በብዙ ቦታ 40 ግሬይ በ15 ቀን ይሰጣል። በአጭሩ አሰጣጥ የቆዳ ጉዳቱ ቀለል ይላል። ሆኖም ሕክምናው ቶሎ ስለሚያልቅ ጉዳቱ የሚወጣው ታካሚዋ ቤቷ ከገባች በኋላ ነው።

ምልክት፦ ቅጹ ላይ «0» ተጽፏል፤ ታካሚዋ ግን ሌሊቱን አልተኛችም

ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። አርቲኦጂ (RTOG) የሚባለው የታወቀ የጨረር ጉዳት መለኪያ ከ0፣ ማለትም ለውጥ ከሌለበት፣ እስከ 4 ይሄዳል። 1 ማለት ቀለል ያለ መቅላትና ደረቅ ልጣጭ ነው። 2 ደመቅ ያለ መቅላት ወይም እዚህም እዚያም እርጥብ መላጥ፣ 3 ከቆዳ እጥፋት ውጪ የተያያዘ እርጥብ መላጥ፣ 4 ደግሞ ቁስለት፣ መድማት ወይም የሥጋ መሞት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች በመቅላት ላይ የቆሙ ናቸው፤ መቅላት ደግሞ ነጣ ባለ ቆዳ ላይ የሚታይ ነገር ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ያው ብግነት ሲነሳ ቆዳው ይጠቁራል፣ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ግራጫ ያደላል፣ ይወጠራል፣ ያብረቀርቃል፣ ይሞቃል። ቀይ የሚፈልግ ዓይን ይህን ሁሉ አይቶ «0» ብሎ ያልፋል።

ሁለተኛው ምክንያት አጠያየቃችን ነው። «እንዴት ነሽ?» ሲባል መልሱ «ተመስገን» ነው። እንኳን ለቆዳ መላጥ፣ ለከባድ ሕመምም መልሱ ያው ነው። ሦስተኛው ይሉኝታ ነው። ብዙ ሰው በቆመበት ክፍል ነጠላዋን ከትከሻዋ ገለጥ ታደርጋለች እንጂ ጡቷን አታነሳም፤ ጉዳቱ ደግሞ ቀድሞ የሚጀምረው ከጡት ሥር እጥፋትና ከብብት ነው።

መፍትሄው ከመጀመሪያው የጨረር ቀን በፊት ይጀምራል። ቆዳው ያኔ ምን ይመስል እንደነበር ካልተመዘገበ በኋላ ላይ ማወዳደሪያ የለም። ጠባሳው የት ነው? ከኬሞ (ከካንሰር መድኃኒት) የቀረ ጥቁረት አለ? ፈቃደኛ ከሆነች ፊቷን ሳያካትት ፎቶ ይነሳ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መጋረጃ ተከልሎ፣ በተቻለ መጠን በመስኮት ብርሃን ይታይ። የኮሪደር ኒዮን መብራት ጥቁረትን ይደብቃል። ጡቱ ይነሳ፣ ክንዱ ይነሳ። አንገት ሥርና ትከሻም ጨረር የሚያገኛቸው ከሆነ ጀርባዋም ይታይ፤ ጨረሩ ገብቶ በዚያ ስለሚወጣ የትከሻ ጀርባ መጥቆሩ የተለመደ ነው። በእጅ ጀርባ ሁለቱ ጎኖች ይነኩ፦ አንዱ ከሌላው ይሞቃል? ጠንክሯል? ስትነኩት ታፈገፍጋለች?

ጥያቄውም ይለወጥ። ሪስራስ (RISRAS) የሚባለው ሌላ የቆዳ ጉዳት መለኪያ ባለሙያው ካየው በተጨማሪ ታካሚዋን አራት ነገር ያስጠይቃል፦ ሕመሙን፣ ማሳከኩን፣ ማቃጠሉን፣ የዕለት ኑሮዋን ምን ያህል እንዳወከው። እኔ ይህንን ከሁሉም አስበልጣለሁ፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ከዓይን ቀድሞ የሚናገረው የራሷ ስሜት ነውና። በኛ አነጋገር ግን በቁጥር ከመጠየቅ እንዲህ ቢባል መልስ ይገኛል፦ «እናቴ፣ ትናንት ማታ በየትኛው ጎንዎ ተኙ?» «ጡት መያዣ ማድረግ የተዉት ከመቼ ጀምሮ ነው?» «ታክሲ ውስጥ ሰው ሲነካዎት ምን ይሰማዎታል?» ይህን ስትጠየቅ «ተመስገን» ብላ የነበረችው ሴት መዘርዘር ትጀምራለች።

ምልክት፦ ቆዳው ጠቁሯል፣ ደርቋል፣ ያሳክካል፣ እንደ ቅርፊት ይነሳል

ምክንያቱ ጨረሩ ቆዳን የሚያድሱ ሕዋሳትን ማዳከሙ ነው። ላይኛው ይረግፋል፣ ተተኪው ይዘገያል። ይህን የሚያባብሰው ፍትጊያ፣ ሙቀትና ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐይዋ ቆዳ ታቃጥላለች።

መፍትሄው ቀላል ነው። ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና በእጅ ብቻ ማጠብ፤ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ በጆግ ማንቆርቆር ይበቃል። ሳይሹ እያስነኩ ማድረቅ፤ ያረጀና የለሰለሰ ነጠላ ከፎጣ ይሻላል። የጨረሩን ቦታ የሚያሳየው ምልክት ግን እንዳይለቅ ይጠበቅ። ሽታ የሌለው ማለስለሻ በስሱ ይቀባ። ወፈር ብሎ የተቀባ ቅባት ጨረሩ በቆዳው ላይ እንዲጠነክር ስለሚያደርግ ወደ ሕክምናው ክፍል ከመግባት በፊት ተቀብቶ አይኬድም። ማሳከኩ ከበረታ ሐኪም ሞሜታሶን የመሰለ የስቴሮይድ ክሬም ሊያዝ ይችላል፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያዙ አሉ። ከመርካቶ ፊት ለማቅያ የሚገዛው ክሬም ግን ይህን አይተካም። ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅምና።

ሽታ መከላከያ ዲዮዶራንት ድሮ በጥብቅ ይከለከል ነበር። ቆዳው እስካልተላጠ ድረስ እንደማያባብስ በጥናት ስለታየ ለዚህ ሴትን ማስጨነቅ አያስፈልግም። ብብትን በምላጭ መላጨት ግን ይቅር።

ስለ ማተብ ደግሞ ለየት ያለ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንገት ሥር ጨረር የምትወስድ ሴት የማተቡ ክርና መስቀሉ ቀኑን ሙሉ እዚያው ላይ ይፈትጋታል። «አውልቂው» ማለት አያዋጣም፤ ትሸሽገዋለች እንጂ አታወልቀውም። ክሩን በለስላሳ ጥጥ መለወጥ ወይም መስቀሉን ለጊዜው ማውጣት ይቻላል። ሂጃብ የምትለብስም ብትሆን ናይለኑን ትታ ጥጥ ትልበስ፤ መርፌ ቁልፉም ከጨረሩ ቦታ ይራቅ።

ምልክት፦ ልብስ ይጣበቅበታል፣ ውሃ ያዣል፣ ሮዝ ሥጋ ይታያል

እርጥብ መላጥ ይህ ነው። ላይኛው ቆዳ ተተኪ ሳይደርስለት ሄዷል። ትልቅ ጡት፣ ውፍረትና ሲጋራ ያጋልጣሉ። ጨረሩን ወደ ቆዳ ለማቅረብ ቦለስ የሚባል ንጣፍ የሚደረግላት ሴት፣ እንዲሁም በኮባልት መሣሪያ የምትታከም ሴት ይበልጥ ትጋለጣለች። የኮባልት ጨረር ሊኒየር አክስለሬተር ከሚባለው በኤሌክትሪክ ከሚሠራ የጨረር መሣሪያ ይልቅ ለቆዳው ቅርብ በሆነ ጥልቀት ላይ ይበረታል።

እዚህ ላይ የቤት መድኃኒት ይቁም። ቅቤ፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥርስ ሳሙና፣ ዴቶል፣ አልኮልና ሐምራዊው የጄንሺያን ቫዮሌት ቀለም ጉዳቱን ያባብሳሉ ወይም ይሸፍኑታል። ጠበልና እምነት ላይ ከታካሚዋ ጋር መሟገት አይገባም። እምነቱን ግንባሯ ላይ ትቀባ፣ ጠበሉም በተላጠው ቦታ ላይ በኃይል እንዳይወርድ ይደረግ ሲባል አብዛኞቹ ይቀበላሉ።

ቦታው በኖርማል ሳላይን (ለሕክምና በተዘጋጀ የጨው ውሃ) ይታጠብ። ከሌለ ግማሽ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ አፉ እኩል የሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ከላይ የማይጣበቅ መሸፈኛ ይደረግ፤ ፕላስተር ግን በተጎዳው ቆዳ ላይ አይለጠፍ፣ ሲነሳ የቀረውን ቆዳ ይዞ ይሄዳልና። መሸፈኛውን በለስላሳ ከናቴራ መያዝ ይቻላል። ማስታገሻ ክኒን ከመኝታና ከልብስ መቀየር በፊት ቢወሰድ ጥሩ ነው። የስቴሮይድ ክሬም በተላጠው ላይ አይቀባ።

በራስ ውሳኔ ሕክምናውን ማቋረጥ ግን ትልቁ ስህተት ነው። ጨረሩ ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚለውን የሚወስነው የጨረር ሐኪሙ ነው፤ ቁስሉን ፈርታ ሳትነግረው የቀረች ሴት ከቁስሉ የባሰ ነገር ታጣለች።

ምልክት፦ ቅርጹ ወይም ቦታው ጨረር አይመስልም

የጨረር ጉዳት እንደ መስኩ፣ ማለትም ጨረሩ እንደሚያርፍበት ቦታ፣ ቅርጽ ጠርዝ አለው። ከዚያ የወጣ ነገር ሌላ ምክንያት ይፈለግለታል። በፕላስተሩ ልክ አራት ማዕዘን ሆኖ የሚያሳክክ ከሆነ የፕላስተር አለርጂ ነው። ከጡት ሥር ነጭ ሽፋን ያለውና ዙሪያውን ትንንሽ ሽፍታ የበተነ ከሆነ ፈንገስ ይጠረጠራል፤ የፈንገስ መድኃኒት እንጂ ማለስለሻ አያድነውም። በአንድ ጎን እንደ ቀበቶ ከጀርባ ወደ ደረት የሚሄድ፣ ውሃ የቋጠረና እንደ እሳት የሚያቃጥል ሽፍታ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ይችላል። እርሱ በ72 ሰዓት ውስጥ መድኃኒት ቢጀመርለት ይሻላልና ሰኞ ቀጠሮ አለኝ ብሎ አይጠበቅም።

ሙቀቱና እብጠቱ ከመስኩ ወጥቶ ከሰፋ፣ መግልና መጥፎ ሽታ ካለ ኢንፌክሽን ነው። ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በተለይ በቅርቡ ኬሞ ከወሰደች፣ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ትሂድ።

ምልክት፦ ጨረሩ አልቋል፤ ቆዳው ግን እየባሰ ነው

ይህ ብዙውን ጊዜ የሚጠበቀው ጉዞ ነው። ችግሩ ሰዓቱ ነው፦ የከፋው ሳምንት የሚደርሰው ታካሚዋ አውቶቡስ ተሳፍራ ጎንደር ወይም ጂማ ከገባች በኋላ ነው። እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ የእሳት ቃጠሎ ነው ብሎ ሊያክማት ይችላል። ስለዚህ ከመሄዷ በፊት የመጨረሻው ቀን ግምገማ፣ የጨረሩ መጠንና ቦታ፣ የክፍሉ ስልክ ቁጥር በአንድ ወረቀት ተጽፎ ይሰጣት፤ መሸፈኛውም ለ2 ሳምንት የሚበቃ ይያዝ። የመጨረሻው ጨረር ካለፈ ከ4 ሳምንት በኋላ ክፍት ቁስል ካለ ትመለስ።

ከወራት በኋላ አዲስ ኬሞ ተጀምሮ የድሮው ቦታ ብቻ እንደገና ቢነሳስ? ዶክሶሩቢሲንና የታክሴን ወገን መድኃኒቶች ይህን ያደርጋሉ። ኬሞውን ለሚሰጠው ሐኪም ጨረር የት የት እንደወሰደች መንገር ያስፈልጋል፤ ያው ወረቀት እዚህም ይፈለጋል።