ርካሽ የጌም ሞኒተር ስትገዙ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ 144 ወይም 165 ኸርዝ (በሰከንድ ምስሉን ያን ያህል ጊዜ የሚያድስ) ሞኒተር ገዝቶ «ከድሮው ምንም አይለይም» የሚል ሰው አይጠፋም። ከፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ተማሪ እስከ ፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት፣ ቅሬታው አንድ ዓይነት ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሞኒተሩ አይደለም።

በ60 ኸርዝ መተው

ዋናው ይሄ ነው። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ በ60 ይጀምራል፤ ካልቀየራችሁት እዚያው ይቀመጣል። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ግቡና ከፍተኛውን ቁጥር ምረጡ። በ60 ኸርዝ አንድ ምስል ስክሪኑ ላይ 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል፤ በ144 ግን 6.9 ብቻ። ልዩነቱን ለማየት ጌም መክፈትም አያስፈልግም። ማውሱን ቶሎ ቶሎ ወዲህ ወዲያ አድርጉት፤ ሲቆራረጥ የነበረው ቀስት ለስለስ ብሎ ይሄዳል።

ቁጥሩ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ኬብሉን ጠርጥሩ። ብዙ ርካሽ ሞኒተሮች ሙሉ ፍጥነታቸውን የሚሰጡት በዲስፕሌይፖርት ነው፤ በኤችዲኤምአይ ዝቅ ይላሉ። እግረ መንገዳችሁን ኬብሉ የተሰካው ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሆኑን እዩ። ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ ውድ ካርዱን ሥራ ያስፈታ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ!

ለፒኤስ4 መግዛት

ፕሌይስቴሽን ቤት ያላችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ፒኤስ4 ከ60 ኸርዝ በላይ አያወጣም፤ ፕሮውም ቢሆን። ለፊፋ ብቻ ብላችሁ 165 ኸርዝ ከምትገዙ፣ የተበላሹትን ጆይስቲኮች ቀይሩ፤ ደንበኛ የሚያማርረው በእነሱ ነው። ፒኤስ5 120 ይሰጣል፣ ጨዋታው ራሱ ከደገፈው። ካርቶኑ ላይ «ፍሪሲንክ» (የሞኒተሩን ፍጥነት ከጌሙ ጋር የሚያስማማ) የሚል ስላያችሁ ግን ፒኤስ5 ላይም ይሠራል ብላችሁ አትደምድሙ። ፒኤስ5 የሚፈልገው ያንኑ ሥራ የሚሠራውን፣ በኤችዲኤምአይ 2.1 የሚሄደውን ቪአርአር ነው።

ኮምፒውተርም ላይ ያው ነው፤ ካርዱ በሰከንድ 50 ፍሬም (ምስል) እያወጣ ሞኒተሩን መውቀስ አይቻልም።

በ«1 ሚሊሰከንድ» መሸነፍ

ይህ ቁጥር የስክሪኑ ነጥቦች (ፒክስሎች) ቀለም ለመቀየር የሚፈጅባቸው ጊዜ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን ኦቨርድራይቭ የሚባለው ማፍጠኛ ሴቲንግ ጫፍ ላይ ሲደረግ ነው። ጫፍ ላይ ሲሆን ደግሞ የሚሮጥ ሰው ከኋላው ነጣ ያለ ጥላ ይከተለዋል። መካከለኛው ላይ አድርጉትና ቁጥሩን እርሱት። የፓነሉ (ምስሉን የሚያሳየው ክፍል) ዓይነት፣ ቪኤ ወይስ አይፒኤስ የሚለው፣ ከዚህ የበለጠ ያሳስባል። ቪኤ ጥቁሩን በደንብ ያጠቁራል፤ ግን በተለይ ርካሹ ጨለማ ቦታ ላይ ምስሉን ይጎትታል። ተኩስ ለሚወድ አይፒኤስ ይሻለዋል። ማታ ፊልም የሚያይ ሰው በቪኤ አይከፋም።

ሳይፈትሹ መውሰድ

ሻጩ ፊት ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስል በሙሉ ስክሪን ክፈቱ። የሞተ ፒክስል ካለ ያኔ ይታያል። ቤት ከገባ በኋላ «እንዲህ አልነበረም» ማለት ጭቅጭቅ ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ከሶኬት ንቀሉት፤ ሲመለስ ትንሽ ጠብቁ።

የሚራመደውን ነጥብ በጣት መጫን

ሐይቁ ዳር የምትኖሩ ይሄን ልብ በሉ። ማታ መስኮት ከፍታችሁ ስትጫወቱ፣ ጥቃቅን ነፍሳት ብርሃኑን ተከትለው በአየር ማስገቢያ ቀዳዳው ሊገቡና ከስክሪኑ ኋላ ሊሄዱ ይችላሉ። መጀመሪያ የሞተ ፒክስል ይመስላል፤ ከዚያ ይንቀሳቀሳል። በጣት ከተጫናችሁት እዚያው ሞቶ ይቀራል፤ ለማውጣት ሞኒተሩን መፍታት ሊጠይቅ ነው። ሞኒተሩን አጥፉና አጠገቡ ሌላ መብራት አብሩ። ብዙ ጊዜ ራሱ ወጥቶ ይሄዳል። ካልወጣም እስከ ጠዋት ተዉት፤ ዋናው እጃችሁን መሰብሰብ ነው።